በገበያ መካከል የሚጫወት ጃዝ፦ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባላል። በገበያ መካከል ሙዚቀኛ አቁሞ ደንበኛ መጥራትም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። ከሩቅ ላየው ሥራው ቀላል ይመስላል። አራት ሰዎች ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ባንጆና ከበሮ ይዘው ከአትክልት መደቡ አጠገብ ይቆማሉ። አላፊ አግዳሚው ጆሮውን ጣል ያደርጋል፤ ጆሮውን የጣለ ቆም ይላል፤ የቆመ ቡና ያዛል፤ ቡና ያዘዘ ደግሞ ሳያስበው አንድ ኪሎ ቲማቲም ገዝቶ ይሄዳል። ገበያው ደመቀ ይባላል። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን ማንም ሊመልሰው የማይወደው ጥያቄ ይመጣል። የሙዚቀኞቹን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ቡና ሻጩ ነው ወይስ ሽንኩርት ሻጯ? የቦታው አከራይ ነው ወይስ መንገደኛው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልግ ነጋዴ ከኒው ኦርሊንስ ከተማ የተሻለ ምሳሌ ለማግኘት ይቸገራል። በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው ይህች የወደብ ከተማ የጃዝ የትውልድ ቦታ ናት። ጃዝ በዚያች ከተማ በትልቅ ቴአትር ቤት መድረክ ላይ አልተወለደም። ያደገው በመንገድ፣ በጭፈራ አዳራሽ፣ በቀብር ሰልፍና በገበያ ነው። በዚህ ረዥም ታሪክ ውስጥ የሙዚቃው ዋጋ በልዩ ልዩ መንገድ ሲከፈል ኖሯል። የትኛው መንገድ እንደሠራ፣ የትኛውስ እንደከሸፈ መመልከት ለአዲስ አበባ ነጋዴና ሕንፃ ገንቢም ይበጃል። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእሑዱ ገበያ

ፈረንሳዮች ሉዊዚያናን ይገዙ በነበረበት ዘመን፣ በ1724 የወጣው የባሪያዎች ሕግ በእሑድ ቀን ሥራ እንዳይሠራ ይደነግግ ነበር። በባርነት የተያዙት አፍሪካውያን ይህችን አንዲት ቀን ለንግድ ተጠቀሙባት። ያመረቱትንና ያዘጋጁትን ይዘው ከከተማዋ ቅጥር በስተጀርባ ወደሚገኘው ሜዳ ይወጡ ጀመር። ቦታው በኋላ ኮንጎ አደባባይ ተባለ። በ1817 የከተማዋ አስተዳደር ያወጣው ደንብ ባሪያዎች ለጭፈራ የሚሰበሰቡት በእሑድ ብቻ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ፣ ከንቲባው በሚወስነው ቦታ እንዲሆን አዘዘ። በ1819 አካባቢውን የጎበኘው አርክቴክት ቤንጃሚን ላትሮብ ከ500 እስከ 600 የሚደርሱ ሰዎች ተሰብስበው፣ ከበሮና ባለክር መሣሪያ ሲጫወቱ ማየቱን ጽፏል።

ከበሮው በሚመታበት ቦታ ዙሪያ ንግዱ ይጧጧፍ ነበር። በዘይት የተጠበሰ የሩዝ ቂጣ፣ ጣፋጭ፣ የዝንጅብል ቢራና ቡና ይሸጣል። ከእሑድ ሽያጭ የተጠራቀመው ሳንቲም ለአንዳንዱ የገዛ ነፃነቱ መግዣ ሆኗል። ሮዝ ኒኮ የተባለችው በባርነት የተያዘች ሴት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በካቴድራሉ አካባቢ ቡና በጋሪ እየሸጠች ባጠራቀመችው ገንዘብ ነፃነቷን እንደገዛች ይነገርላታል።

በዚህ ገበያ ሙዚቀኛ የሚቀጠር አልነበረም። ሻጩና ገዢው፣ ከበሮ መቺውና ጨፋሪው አንድ ሕዝብ ናቸው። ሙዚቃው ገበያተኛውን ሰበሰበ፤ ገበያው ሙዚቃውን አቆየ። የታሪክ ጸሐፊዎች የዚያን አደባባይ ምት ከጃዝ ሥሮች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል።

የቆራሌው ልጅ መለከት

ጃዝ ራሱን ችሎ ብቅ ያለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃና በ20ኛው መባቻ ነው። ያን ጊዜ ሙዚቃው ከገበያው ጋር የነበረው ግንኙነት ወደ ማስታወቂያ ተለወጠ። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በ1901 የተወለደው ሉዊ አርምስትሮንግ ነው። አርምስትሮንግ በልጅነቱ ካርኖፍስኪ ለሚባሉ ከሊቱዌኒያ ለመጡ ይሁዲ ቤተሰቦች ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ቀን ቀን አሮጌ ጨርቅና ጠርሙስ በጋሪ ይሰበስባሉ፤ ማታ ማታ የድንጋይ ከሰል ይሸጣሉ። በአዲስ አበባ ቋንቋ ሥራቸው የቆራሌው ሥራ ነው። የአዲስ አበባው ቆራሌው ግን በጉሮሮው ይጣራል፤ ትንሹ አርምስትሮንግ ከጋሪው ላይ ሆኖ የቆርቆሮ መለከት እየነፋ ደንበኛ ይጠራ ነበር። የመጀመሪያውን ኮርኔት ከአንድ የመያዣ ዕቃ ሱቅ በ5 ዶላር የገዛውም ከእነዚሁ ቤተሰቦች ባገኘው ብድር እንደሆነ ኋላ ራሱ ጽፏል። ያ ሕፃን በዓለም ከታወቁት የጃዝ ሰዎች ግንባር ቀደሙ ሆነ።

አርምስትሮንግ ብቻውን አልነበረም። ሳም ዴክሜል የተባለው የኒው ኦርሊንስ ዋፍል ሻጭ በጋሪው ላይ ሆኖ የወታደር መለከት እየነፋ ይሸጥ ነበር። የጭፈራ ምሽት ያዘጋጀ ሰው ደግሞ ባንዱን በፈረስ ጋሪ ላይ ጭኖ በየሰፈሩ ያዞረዋል። የትሮምቦን ተጫዋቹ መሣሪያውን እንደልቡ ለመዘርጋት ቦታ ስለሚያስፈልገው ከጋሪው ጭራ ላይ ይቀመጣል። የዚያ ዘመን የትሮምቦን አጨዋወት እስከዛሬ በጋሪ ጭራ ስም ይጠራል። ሁለት ጋሪዎች መስቀለኛ መንገድ ላይ ከተገናኙ ፉክክር ይከፈታል፤ ሕዝቡ ያጨበጨበለት ባንድ የምሽቱን ገበያ ይወስዳል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሒሳቡ ነገር ግልጽ ነበር። ከሰል የሚሸጠው፣ ዋፍል የሚጋግረው፣ ጭፈራ የደገሰው ሰው የሙዚቃውን ዋጋ ይችላል፤ የመጣው ደንበኛም የእርሱ ነው። ከፋዩና ተጠቃሚው አንድ ስለሆነ ጭቅጭቅ የለም።

የ1917ቱ ፍርድ

ጭቅጭቁ የመጣው ሙዚቃው የማን እንደሆነ በማይለይበት ስፍራ ሲጫወት ነው። በኒውዮርክ ሻንሊ የተባለ ምግብ ቤት ለእንግዶቹ ሙዚቃ ያሰማ ነበር። የመግቢያ ትኬት አይቆርጥም። የዜማ ደራሲው ቪክቶር ኸርበርት ሥራዬ ያለ ፈቃዴ ለትርፍ ተጫውቷል ሲል ከሰሰ። የምግብ ቤቱ መከራከሪያ የማንኛውም ነጋዴ መከራከሪያ ነበር፦ የምሸጠው ምግብ ነው፣ ለሙዚቃው ያስከፈልኩት ሳንቲም የለም የሚል።

ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጥር 1917 ተወሰነ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ኦሊቨር ወንዴል ሆልምስ ለነጋዴ በሚገባ ቋንቋ ነገሩን አስቀመጡት። የሐሳባቸው ፍሬ ይህ ነው፦ እንግዳው የሚከፍለው ለምግቡ ብቻ አይደለም፤ ምግቡን ደስ በሚል ስፍራ ለመብላት ነው። ሙዚቃው ባያዋጣ ኖሮ ባለቤቱ በተወው ነበር፤ የሚያዋጣ ከሆነም የሚያዋጣው ከሕዝቡ ኪስ ነው። ኸርበርት ረታ። እርሱ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበትና በ1914 የተቋቋመው የደራሲያን ማኅበርም ከዚያ በኋላ ከምግብ ቤቶችና ከሆቴሎች የፈቃድ ክፍያ ለመሰብሰብ ጠንካራ መሠረት አገኘ።

ለገበያ ሰው የዚህ ፍርድ ትምህርት አንድ ነው። ነፃ ሙዚቃ የሚባል ነገር የለም። ዋጋው በቡናው ስኒ ውስጥ፣ በቲማቲሙ ኪሎ ውስጥ ወይም በሱቁ ኪራይ ውስጥ ተደብቋል።

አርባ ሱቆችና አንድ ባንድ

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። የሚከተለው አሐዝ ለምሳሌ ያህል ብቻ የቀረበ ነው። 40 ሱቆች ያሉት የሰፈር ገበያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባንድ ሊያጫውት ፈለገ እንበል። የሙዚቀኞቹ ክፍያ፣ የድምፅ ማጉያ ኪራይ፣ መብራትና ጽዳት ተደምሮ 20,000 ብር ይመጣል። ለ40 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሱቅ 500 ብር ይደርሳል።

ክፍያው እኩል ነው፤ ሸክሙ ግን እኩል አይደለም። ከመቶ ብር ሽያጭ 50 ብር የሚያተርፈው ቡና ሻጭ 500 ብሩን ለማካካስ የ1,000 ብር ተጨማሪ ሽያጭ ይበቃዋል። ከመቶ 20 ብር የሚያተርፈው ልብስ ሻጭ 2,500 ብር ተጨማሪ መሸጥ አለበት። ከመቶ 10 ብር ብቻ የምታተርፈው ሽንኩርት ሻጭ ደግሞ 5,000 ብር ተጨማሪ ካልሸጠች ከሰረች ማለት ነው። በዚያ ላይ ሙዚቃ ሊያዳምጥ የተሰበሰበው ሰው መደቧን ከልሎ የዘወትር ደንበኛዋን ሊያስቀርባት ይችላል። ሙዚቃ የሚያዳምጥ ሰው ቡና ይጠጣ ይሆናል እንጂ አምስት ኪሎ ሽንኩርት ተሸክሞ አይቆምም።

ስለዚህ በመጀመሪያ ከመዋጮው የምትወጣው ሽንኩርት ሻጯ ናት። ብትወጣም ሙዚቃውን መስማቷ፣ ሕዝቡም በደጇ ማለፉ አይቀርም፤ ድምፅ እንደ ስኳር ተመዝኖ ለከፈለ ብቻ አይሰጥም። ይህንን ያየ ጎረቤቷም ይከተላል። ግማሹ ሱቅ ከወጣ የቀሩት ሃያዎቹ እያንዳንዳቸው 1,000 ብር መክፈል ይኖርባቸዋል። ልብስ ሻጩ አሁን 5,000 ብር ተጨማሪ መሸጥ ግድ ይለዋልና እርሱም ይወጣል። በመጨረሻ የሚቀሩት ሁለት ሦስት ቡና ሻጮች ናቸው። እነርሱም 20,000 ብሩን ችለው አይዘልቁትም። ባንዱ መሣሪያውን ይሸክፋል፤ ገበያው ሙዚቃውን ጠልቶ ሳይሆን በሰው ድግስ ለመብላት ሁሉም ስለፈለገ ይቀዘቅዛል።

አከራዩ ሲከፍል

ኒው ኦርሊንስ ለዚህ ችግር ካገኘቻቸው መፍትሔዎች አንዱ ክፍያውን ወደ ቦታው ባለቤት ማዞር ነው። ፍሬንች ማርኬት የሚባለው የከተማዋ የሕዝብ ገበያ ከ1791 ጀምሮ በወንዙ ዳር በዚያው ስፍራ ይገኛል። በአንድ ጫፉ ከ1862 ጀምሮ የሚታወቀው ካፌ ዱ ሞንድ ቡናና ትኩስ ፓስቲ ይሸጣል፤ ወደ ሌላው ጫፍ አትክልት፣ የእጅ ሥራና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ይሸጣል። ገበያውን የሚያስተዳድረው የከተማዋ ንብረት የሆነ ለሕዝብ ጥቅም የቆመ ኮርፖሬሽን ነው። ከሱቆችና ከመደቦች ኪራይ ይሰበስባል፤ በገበያውም ነፃ የሙዚቃ ዝግጅት ያቀርባል። በየዓመቱ በሰኔ ወር የአካባቢው ቲማቲም ሲደርስ የሚከበረው የቲማቲም በዓል የዚሁ አካል ነው።

አከራይ ሲከፍል ሒሳቡ የሚሠራበት ምክንያት አለ። ቡና ሻጩ ቢያተርፍ ልብስ ሻጩም ቢያተርፍ፣ የቦታው ተፈላጊነት ከፍ ማለቱ ውሎ አድሮ በኪራዩ ውስጥ ይታያል። የአርባውም ሱቅ ጥቅም ተሰብስቦ የሚገባው በአንድ ኪስ ነው። ስለዚህ ማን አዋጣ፣ ማን ሸሸ ብሎ መቁጠር አያስፈልግም።

ሁለተኛው መንገድ መድረኩን ነፃ አድርጎ ከመደቡ ማግኘት ነው። በ1984 የተጀመረው የፍሬንች ኳርተር ፌስቲቫል መግቢያ አያስከፍልም፤ ወጪውን የሚሸፍነው ከድርጅቶች ድጋፍና ከመጠጥ ሽያጭ ነው። ሦስተኛው መንገድ አጥር ነው። የኒው ኦርሊንስ ጃዝና ቅርስ ፌስቲቫል በ1970 ሲጀመር የተካሄደው በዚያው በጥንቱ የእሑድ ገበያ፣ በኮንጎ አደባባይ ነበር። የመጣው ታዳሚ 350 ያህል ብቻ ስለነበር ከተመልካቹ ሙዚቀኛውና ሠራተኛው ይበዛ ነበር ይባላል። በ1972 ወደ ፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ ተዛወረ። አጥርና ትኬት ያለው ይህ በዓል ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሰበስባል። የሰፈር ገበያ ግን እንዲህ ያለውን አጥር ሊያጥር አይችልም። በሩ ላይ ትኬት የሚቆርጥ ገበያ ገዢውን መልሶ ይልካል።

ባልዲው

አራተኛው መንገድ ከሁሉ የቆየውና የከፋው ነው። ሙዚቀኞቹ ከፊታቸው ባልዲ ወይም የተከፈተ የመሣሪያ ሳጥን ያስቀምጣሉ፤ የፈለገ ጉርሻ ይጥላል። በአዝማሪ ቤት በግንባር ላይ ብር መለጠፍን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። በፍሬንች ማርኬት ዙሪያና ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ በዚህ የሚኖሩ ሙዚቀኞች ብዙ ናቸው።

ለነጋዴው ይህ መንገድ እጅግ የተመቸ ነው፤ ያለ ወጪ ገበያው ይደምቅለታል። ነገር ግን ዝናቡ፣ ሙቀቱና የቱሪስት መጥፋት ያመጣው ኪሳራ በሙሉ በሙዚቀኛው ላይ ወድቋል ማለት ነው። ደንቡም በእርሱ ላይ ይወድቃል። በ2010 የኒው ኦርሊንስ ፖሊስ በአንዳንድ የቱሪስት ጎዳናዎች ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ መጫወትን የሚከለክለውን ደንብ ማስከበር ሲጀምር ለዓመታት በአንድ ጥግ ቆመው የኖሩ የነሐስ መሣሪያ ባንዶች እንጀራቸው ተነካ፤ ብዙ ክርክርም አስነሳ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ጎዳናውን ባዶ ሲያደርገውም ባልዲው ባዶ ሆነ። ታላቁ ፌስቲቫልም በ2020 እና በ2021 አልተካሄደም።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሙዚቃው ያስወደደው ቦታ ሙዚቀኛውን ሲገፋ ነው። ከኮንጎ አደባባይ አጠገብ ያለው ትሬሜ ብዙ የጃዝ ሰዎችን ያፈራ የጥቁሮች ሰፈር ነው። በ1960ዎቹ የከተማዋ አስተዳደር የባህል ማዕከል ለመሥራት ብሎ የሰፈሩን ብዙ ቤቶች አፈረሰ። በዚያው ዘመን የሰፈሩ የንግድ ጎዳና የነበረው ክሌይቦርን ዛፎቹ ተቆርጠው ከላዩ የመኪና ድልድይ ተዘረጋበት፤ ንግዱም ተዳከመ። ቤቶች በፈረሱበት ቦታ በ1980 የተከፈተው መናፈሻ የተሰየመው በሉዊ አርምስትሮንግ ስም ነው። ለሙዚቀኛው መታሰቢያ ቆመ፤ የሙዚቀኞቹ መኖሪያ ግን ጠፋ።

ከተማዋ ከዚህ መማሯ አልቀረም። በ2005 የካትሪና አውሎ ነፋስና ጎርፍ ብዙ ሙዚቀኞችን ከበተነ በኋላ በጎ አድራጊዎች 72 ቤቶች ያሉት የሙዚቀኞች መንደር ሠርተዋል። ሙዚቀኛው የሚኖርበት ካጣ የሚጫወት እንደማይኖር ያን ጊዜ ለሁሉም ግልጽ ሆኖ ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ

ጃዝ ለአዲስ አበባ ባዕድ አይደለም። በአሜሪካው በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ የነበረው ሙላቱ አስታጥቄ የአገሩን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር አዋህዶ ኢትዮ ጃዝን ለዓለም አሳውቋል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የምሽቱን ሙዚቃ አዳክሞት ቆየ። ከዚያ ወዲህ ያንሰራራው የጃዝ ምሽትም ቢሆን በጥቂት ቤቶች ላይ የተንጠለጠለ ነው። በፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ ይሠራ የነበረው ጃዝ አምባ በጥር 2007 ዓ.ም. በደረሰው ቃጠሎ ሲወድም፣ አንድ መድረክ ሲጠፋ ስንት ሙዚቀኛ ደጅ እንደሚቀር ታይቷል።

ሕጉም ቢሆን የኒውዮርኩ ምግብ ቤት የተጠየቀውን ይጠይቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ሥራን ለሕዝብ የማሰማትን መብት ለደራሲው ሰጥቷል፤ በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ደግሞ የሮያሊቲ ክፍያ በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል የሚሰበሰብበትን መንገድ አስቀምጧል። ስለዚህ የሰው ዜማ ለደንበኛ መሳቢያ የሚያስጫውት የገበያ ማዕከል ከባንዱ ክፍያ ሌላ ይህንንም በበጀቱ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል።

በገበያው ወይም በሕንፃው ግቢ ሙዚቃ ለማስጀመር የሚያስብ ባለሀብት እንግዲህ አስቀድሞ መጨረስ ያለበት ነገር አለ። ክፍያው ከኪራይ ጋር ተያይዞ በውል ቢገባ በየቅዳሜው ከሚሰበሰብ መዋጮ ይሻላል። መዋጮ ከሆነ ደግሞ በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በሚገኘው ጥቅም ልክ፣ ቡና ሻጩ ብዙ ሽንኩርት ሻጯ ጥቂት ቢከፍሉ ይዘልቃል። መድረኩ የማንንም መደብ የማይከልል፣ ሰዓቱም ጎረቤት የማያስመርር መሆን አለበት። ለሙዚቀኛው ከጉርሻ ሌላ ዝናብ ቢዘንብም የማይቀር የተወሰነ ክፍያ ሊኖረው ይገባል።

ይህ ካልተደረገ ሙዚቃው ለጥቂት ሳምንታት ሊቀጥል ይችል ይሆናል። ነገር ግን ሱቁ ካልከፈለ፣ አከራዩ ካልከፈለ፣ መንገደኛውም ካልከፈለ ሒሳቡ ሳይከፈል አይቀርም፤ የሚከፍለው ባዶ ባልዲውን ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ትራምፔት ነፊ ነው። እርሱ ደግሞ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አይመጣም።